የባለ 36ቱ ፊልም ዕዳ

ኅዳር 7፣ 2017፣ ቅዳሜ

ካሜራው ዛሬ ከጥገና ወጣ። ዜኒት-ኢ ነው። አባዬ ለትምህርት ከሄደበት ከኦዴሳ በ1974 ሲመለስ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት የመጣ፤ ከኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ላለፉት ሃያ ዓመታት ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከማይሠራ ሬዲዮና ከእማዬ የሙሽርነት ሻንጣ ጋር ተኝቶ ነበር።

ፒያሳን ላይና ታች ብዬ ካሜራ የሚጠግን ሰው አጣሁ። በመጨረሻ የእጅ ሰዓት የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ «ጥርስና ሞላ ያለው ነገር ሁሉ ሰዓት ነው፤ እስቲ አምጣው» አሉኝ። ችግሩ የደረቀ ቅባት ነበር። ካሜራው ሆድ ውስጥ ከጥቁር ጨርቅ የተሠራ መጋረጃ አለ፤ ቁልፉ ሲጫን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ሮጦ ብርሃኑን ለቅጽበት ያስገባል። በ1/500 ሰከንድ ላይ ደህና ይሮጣል። በ1/30 ላይ ግን መሀል መንገድ ቆሞ ያስባል። ጋሼ የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልለው፣ በቤንዚን እያረሱ፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ አበሷቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ብሎኖቹን በሲጋራ ፓኮ ክዳን ላይ በተራ እየደረደርኩ ነበር፤ አንዷ ብትጠፋ ጉዳችን ነው።

ሒሳብ ስጠይቅ «ሒሳቡ ፎቶ ነው» አሉ። «ስንት ፈረንጅና ስንት ያገሬ ልጅ እዚህ ቆሞ አንስቶኛል መሰለህ! አምጥቶ ያሳየኝ ግን አንድም የለም።»

አነሳኋቸው። ቁጥር 1።

ማታ ሃርድ ዲስኬን ከፈትኩ። የስምንት ዓመት የእሁድ ጠዋት ፎቶ አለ፤ ጫማ ጠራጊ፣ ቆሎ ሻጭ፣ ካህን፣ ተማሪ፣ ዝናብ የሸሸ ሁሉ። ፎቶውን በእጁ የሰጠሁት ሰው ፈልጌ ሁለት አገኘሁ። አንደኛዋ አክስቴ ናት።

እንግዲህ ሥራው ይኸው፦ አንድ ባለ 36 ፎቶ ፊልም፣ ከጊዮርጊስ እስከ ለገሃር። ፊልሙን እቤቴ አጥበዋለሁ። ፊልሙ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ፎቶውን በእጁ ይቀበላል። እስኪያልቅ ድረስ ይህን ማስታወሻ እጽፋለሁ።

ኅዳር 8፣ እሁድ

የእሁድ ጓደኞቼ ጋር ቶሞካ ቆመን ማኪያቶ እየጠጣን ነገርኳቸው። አራት ነን። ቲቸር ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ ከበር ሌላ የሚያነሳው ነገር የለም፣ የቆርቆሮ በር፣ የእንጨት በር፣ ከ2016ቱ የፒያሳ ፈረሳ ወዲህ ደግሞ ቤቱ ፈርሶ ብቻውን የቆመ በር ሁሉ አንስቷል። ሲስተር ነርስ ናት፤ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ነው የምትመጣው፣ በስልኳ የሰው እጅ ብቻ ታነሳለች። ትንሹ ገና ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የጊዮርጊስን ርግቦች ያሳድዳል። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ «ዕዳ» የሚለውን ቃል ስወድ የኔ ነገር ነው ብለው ሳቁብኝ።

ፊልሙ ከውጭ የመጣ ኢልፎርድ ኤች ፒ 5 ነው፤ አይሶው፣ ማለትም ለብርሃን ያለው ንቃት፣ 400። ይህ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ሞቷል፤ ስለዚህ የድሮውን ሕግ ነው የምከተለው፦ ጠራራ ፀሐይ ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አድርግ፣ ፍጥነቱን ከፊልሙ አይሶ ጋር አቀራርበው። 400 ለሆነ ፊልም 1/500 ይሆናል። የዜኒት ትልቁ ፍጥነት 1/500፣ የሄሊዮስ ሌንሱ ጠባቡ ቀዳዳ ኤፍ 16። ማለትም በቀትር የአዲስ አበባ ፀሐይ ካሜራው ጣራው ላይ ደርሷል፤ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ብትመጣ የምሸሽበት የለኝም። ስለዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት፣ ከዚያ በኋላ ጥላ ውስጥ ብቻ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን። ቢሮ ከመግባቴ በፊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ። እንዳይቃጠል ሲነገር ቢቆይም ከአራት ኪሎ ቁልቁል በየጓሮው ጭስ ነበር። ፀሐይዋ በጭሱ ውስጥ ስትወጣ ብርሃኑ እንደ ወተት ይሆናል፤ ፎቶ አንሺ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ብርሃን ነው። ሳል አለበት እንጂ።

አንድ የግቢ ዘበኛ ካፖርቱን እስከ ጆሮው ስቦ የቅጠል ክምር በዱላ ይቆሰቁሳል። «ላንሳህ?» ስለው ባርኔጣውን አስተካከለና እንደ ወታደር ቆመ። እንደዚያ አልፈለግኩትም ነበር፤ ግን የሰውየው ፎቶ ነው፣ የኔ አይደለም ብዬ እንደቆመ አነሳሁት። ቁጥር 6።

ከሱ ፈንጠር ብሎ አንዲት እማማ ከልጅ ልጃቸው ጋር የሽንኩርት ልጣጭና አሮጌ ሰሌን ያቃጥላሉ። ልጁ ዐይኑን እያሸ ለምን እንደሚያቃጥሉ ጠየቃቸው። «በሽታው እንዳይመለስ» አሉት። በ1911 የገባውን የኅዳር በሽታ ማለታቸው ነው፤ እሳቸው አላዩትም፣ እናታቸው ናቸው የነገሯቸው። ልጁ «ኮሮና ነው?» አለ። «የኮሮና አያት» አሉት። በሳቁ መሀል ቁልፉን ተጫንኩ። ቁጥር 8።

ኅዳር 15፣ እሁድ

የዛሬው ቀን ስለ ቁጥር 14 ነው፤ ቦታውን ግን ሆን ብዬ አልጽፍም። ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።

አንድ ሊስትሮ አለ፤ አሥራ አራት አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሳጥኑ ላይ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ለጥፏል። ከጎኑ አንዲት ወጣት ጀበና ቡና ትሸጣለች። ቡና አዘዝኩና ካሜራውን አየችው። «ወንድሜ፣ እኔን እንዳታነሳኝ» አለች፣ ሲኒውን እያቀበለችኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ ስኳር ስንት ላድርግልህ እንደማለት ነው የተናገረችው። «እሺ» አልኳት። ልጁ ግን ቸኩሏል፦ «እኔን አንሳኝ ብራዘር፣ ብሩሹን ወደ ላይ ወርውሬ ስቀልበው!»

እሷን ላለማስገባት አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄጄ፣ ተንበርክኬ፣ በመመልከቻው ውስጥ ልጁን ብቻ አድርጌ አነሳሁት። ብሩሹ አየር ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ወረወረ፤ ሁለተኛው ነው የሆነው።

ከዚያ ሎተሪ አዟሪው። ቁጥር 17። ሙሉ ቁመቱን አንሳኝ አለ፤ ጎጃም ላለች እናቱ ሊልክ። «ጫማዬ ይግባ» ብሎ ሁለቴ አሳሰበኝ፤ አዲስ ነው።

ኅዳር 22፣ እሁድ

ከታክሲ በር ላይ የተንጠለጠለ ረዳት፣ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ። አንድ ተሳፋሪ «የቱ ካዛንቺስ?» አለው። ሰፈሩ ሰሞኑን እየፈረሰ ስለሆነ ወረፋው ሁሉ ሳቀ፤ ከሳቁት ውስጥ አንዲት ሴት ወዲያው ዝም አለች። ፎቶው ላይ የሚወጣው የረዳቱ እጅ ነው፤ 1/30 ስለነበር እጁ ጭስ ሆኖ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ቁጥር 22። ስልክ ቁጥሩን እጄ ላይ ጻፈልኝ፣ ታክሲው እየሄደ።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው የአንበሳ ሐውልት ሥር ሁለት ልጃገረዶች በስልክ ይነሳሳሉ። ዱሮ እዚህ ካሜራ ያነገቱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ አሁን አንበሳው ያለ ደላላ ይነሳል። «እኛንም በዚያ በአሮጌው አንሳን» አሉ። ቁጥር 29።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አዲሱ የአራት ኪሎ እግረኛ መንገድ አግዳሚ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ አባት፤ መነጽራቸው አንድ ክንድ ስለሌለው በክር ጆሯቸው ላይ አስረውታል። ሁለት አነሳኋቸው፣ ቁጥር 33 እና 34። ከዚያ ፊልሙ አላልቅ ብሎ ደረጃችን ላይ የምትተኛዋን ድመት አነሳሁ።

ለአባዬ ደውዬ ስነግረው ሳቀ። «ድመቷን! እኔም መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ድመት ነበር» አለኝ። በሱ ጊዜ አንድ ፊልም ከመስቀል እስከ ፋሲካ ይቆያል። ክርስትናም ልደትም እዚያው ላይ ነው፤ ሦስት አራት ሲቀረው ደግሞ ቶሎ ይታጠብ ተብሎ ያገኙትን ማንሳት ነው። አልበማችን ውስጥ በግ፣ ድስት፣ ማንም የማያውቀው አጥር ያለበት ምክንያት አሁን ገባኝ።

የዕዳ ዝርዝር፦ ሰዓት ሠሪው፣ ዘበኛው፣ እማማ፣ የልጅ ልጃቸው፣ ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ረዳቱ፣ ሁለቱ ልጃገረዶች፣ ጋዜጣ አንባቢው። 10 ሰው።

ታኅሣሥ 6፣ እሁድ

ጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠቢያ ኬሚካል ፍለጋ የዞርኩበትን ሱቅ ብቆጥር ሌላ ማስታወሻ ይወጣዋል። ማጽኛው፣ ማለትም ሃይፖው፣ ከፊልሙ ጋር አብሮ ስለመጣልኝ አለኝ። የጎደለው ምስሉን ፊልሙ ላይ የሚያወጣው ነው። ቲቸር «በቡና እጠበው» ሲል የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። ካፌኖል ይሉታል፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ሮችስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሞክሮ ያወጣው ነገር ነው። ሥራውን የሚሠራው ካፌይኑ አይደለም፤ ቡና ውስጥ ያሉት ካፌይክና ክሎሮጀኒክ የሚባሉት አሲዶች ናቸው። ብቻቸውን ደካማ ስለሆኑ ዋሺንግ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋቸዋል።

ለአንድ ሊትር፦ ዋሺንግ ሶዳ 54 ግራም፣ ቫይታሚን ሲ 16 ግራም፣ ፈጣን ቡና 40 ግራም። የኔ ፊልም ማጠቢያ ታንክ ግማሽ ሊትር ስለሚፈልግ ሁሉም በግማሽ።

ዋሺንግ ሶዳ አላገኘሁም፤ የኬክ መጋገሪያ ሶዳ ግን በየሱቁ አለ። እሱ ሲጠበስ ውሃውና ጋዙ ይለቀውና ዋሺንግ ሶዳ ይሆናል። በእማዬ የቡና መቁያ ምጣድ 100 ግራም አደረግኩና በመለስተኛ እሳት አማሰልኩ። መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ዱቄቱ እንደ ፈላ ወተት ይንቀሳቀሳል፣ ትናንሽ ጉድጓድ ያወጣል፣ ማማሰያው ሲነካው እንደ ውሃ ይሸሻል። ጋዙ ሲወጣ ነው። እንቅስቃሴው ሲቆም ወርቅ ቤት የሚሠራ የሰፈሬ ልጅ ጋር ወስጄ አስመዘንኩት። ቲቸር «በትክክል ከተጠበሰ 63 ግራም ይቀርሃል» ብሎኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ሚዛን 71 አለ። ተመልሼ ጠበስኩት። ሁለተኛው 63.4። የወርቅ ሚዛን ላይ ነጭ ዱቄት ይዤ ስመላለስ በር ላይ ያለው ጥበቃ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ቡናው ላይ ጠብ ተነሳ። አሠራሩ ፈጣን ቡና ይላል፣ እሱም ርካሹ ሮቡስታ ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ አሲዱ ከአረቢካ ይበልጣልና። እማዬ «የቡና አገር ላይ ቁጭ ብለህ የቆርቆሮ ቡና ትገዛለህ?» ብላ ተቆጣች። እኔም ትንሽ ደሜ ፈላ። ስለዚህ ፈተናው ይካሄድ አልኩ። ከፊልሙ ጫፍ የቆረጥኩትን፣ ብርሃን የመታውን ቁራጭ፣ በሦስት ሲኒ፦

በመጀመሪያው የእማዬ የጀበና ቡና፣ በደንብ የተቆላ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ፈዛዛ ግራጫ።

በሁለተኛው ያልተቆላ ጥሬ ቡና ወቅጬ ያፈላሁት ውሃ። ይህ ይበልጥ ጠቆረ፤ አሲዱ በመቁላት ስለሚጠፋ ነው።

በሦስተኛው የቆርቆሮው። ጥቁር እንደ ከሰል።

እማዬ ሦስተኛዋን ሲኒ አንስታ አሸተተችና መልሳ አስቀመጠችው። «ለፊልም ይሁን፤ ለሰው ግን አይሆንም» አለች። በዚህ ተስማማን።

ቫይታሚን ሲው ከፋርማሲ፣ ባለ 500 ሚሊ ግራም፣ 16 ፍሬ፤ በሙቀጫ። ማጣበቂያው ስላለበት ውሃውን አደፈረሰው፤ በነጠላ ቁራጭ አጠለልኩት። የሙቀት መለኪያ ደግሞ ሲስተርን ጠይቄ አመጣችልኝ፤ ከ35 ዲግሪ ነው የሚጀምረው። የኔ ውሃ 20 መሆን አለበት። «ፊልምህ ትኩሳት ሲይዘው ጥራኝ» አለች። በመጨረሻ ካፌ ከሚሠራ ዘመዴ የወተት ማፍያ ቴርሞሜትር ተዋስኩ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ፊልሙን ከቆርቆሮው አውጥቶ ታንኩ ውስጥ ባለው ጥምዝ ላይ ማጠንጠን ፍጹም ጨለማ ይፈልጋል። ቤታችን ግንፍሌ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፤ የመንገዱ መብራት በየስንጥቁ ይገባል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግን መብራት ጠፋ፤ ሰፈሩ ሁሉ ድርግም። እንዲህ ዓይነት ጨለማ ክፍል ማንም አይሠራልኝም ብዬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባሁ፣ ከላዬ ብርድ ልብስና ጋቢ።

እጄ ያልበዋል፣ ፊልሙ ይጣበቃል፣ ጥምዙ አልይዝ ይላል። ሦስቴ መልሼ ጀመርኩ። በአራተኛው ተሳክቶልኝ ሠላሳ ያህሉን አስገብቼ የቀረው ጭራ እጄ ላይ እያለ፣ ከውጭ የልጆች ጩኸት፦ «መጣ! መጣ!»

የክፍሉን ማብሪያ አላጠፋሁትም ነበር።

በጋቢው ፈትል መሀል ብርሃኑ እንደ ወንፊት ታየኝ። ጭራውን ወደ ሆዴ አጠፍኩትና «መብራቱን! መብራቱን!» አልኩ። እማዬ ምን ሆነ ብላ በሩን ልትከፍት ስትል ብሶ ጮህኩ። አጠፋችው። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ማጥፋት ድሮም እማዬ የምታስተምረን ነገር ነበር።

ቀሪው ያለ ችግር ሄደ። ውሃ ዛሬ ተራችን ስላልሆነ ከጀሪካን። ቡናው 20 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ፤ የመጀመሪያውን ደቂቃ ሳላቋርጥ፣ ከዚያ በየደቂቃው ሦስት ጊዜ ታንኩን መገልበጥ። ሽታው የረጠበ ጭድ ላይ የተደፋ የዳቦ እርሾ ነው የሚመስለው። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ሃይፖ፣ ከዚያ እንደገና ውሃ ውሃ ውሃ። ክዳኑን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አለ። ሰው አለበት። በሻወር መጋረጃው ዘንግ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩት፤ ከሥሩ ክብደት እንዲሆን ሁለተኛ መቆንጠጫ። ከ32 በኋላ ያለው ጥቁር ግድግዳ ነው። ጋዜጣ አንባቢው አባት ሄደዋል። ድመቷም።

ታኅሣሥ 13፣ እሁድ

ስካነር የለኝም። ላፕቶፑን በነጭ ገጽ ከፍቼ አጋደምኩት፤ በላዩ አራት የቡና ሲኒ፤ በሲኒዎቹ ላይ ከተሰበረ የፎቶ ፍሬም የወጣ መስታወት፣ ፊልሙ በመስታወቱ ላይ። ፊልሙ ስክሪኑን ከነካ የስክሪኑ ነጠብጣብ ስለሚታይ ነው ሲኒው ያስፈለገው። ከላይ በስልክ አንስቼ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር ማድረግ።

ሁሉም ሰው ካሰብኩት አንሶ ነው የወጣው። ሎተሪ አዟሪው ጫማው ገብቷል፤ ግን ዙሪያውን ሰማይና አስፋልት ከቦታል። አንብቤ ያለፍኩት ነገር ትዝ አለኝ፦ የዜኒት-ኢ መመልከቻ የሚያሳየው ፊልሙ ላይ ከሚያርፈው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ፊልሙ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ይቀበላል፤ ዓይን የሚያየው 20 በ28። የቀረው ዳርና ዳሩ ሳይታይ የሚገባ ነው።

ቁጥር 14 ጋ ስደርስ ቆምኩ። ብሩሹ አየር ላይ፣ ልጁ አፉን ከፍቶ። በግራ በኩል፣ እኔ ባላየሁት ዳር፣ እሷ አለች። ጀበናውን እንደያዘች ወደ ብሩሹ ቀና ብላ፣ ጥርሷ እስኪታይ እየሳቀች። የጠዋቱ ፀሐይ ከኋላዋ ነው፤ ጥላዋ እስከ ልጁ ሳጥን ድረስ ተዘርግቷል።

ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ፎቶ እሱ ነው። ልጁ ብቻውን ሲሆን ብሩሽ የሚወረውር ልጅ ነው፤ ከሷ ጋር ግን ለማን እንደሚወረውር ይታያል።

ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። ትንሹ «ለውድድር ነው ይሄ» አለ። ሲስተር «እንዳታነሳኝ ብላህ የለ እንዴ?» አለች። ካሜራው ነው ያስገባት አልኩ። «እሺ፣ ዕዳው የካሜራው ነው በላ» አለችኝና ስልኬን መለሰችልኝ። እነሱም ማየት አልነበረባቸውም፤ ቸኩዬ ነው።

የዕዳ ዝርዝር፦ 11።

ታኅሣሥ 20፣ እሁድ

ፎቶ ቤት፣ 10 በ15፣ የሁሉም። የፎቶ ቤቱ ልጅ ሳይጠይቀኝ ፊታቸውን አለስልሶታል። የሰዓት ሠሪው ሰባ ዓመት የደከሙበት ሽብሽብ በአንድ ቁልፍ ጠፍቶ ጉንጫቸው እንቁላል መስሏል። «ሰው ይወደዋል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዱሮም ሪታሽ አለ፣ በእርሳስ ነጋቲቩ ላይ የሚሠራ። ቢሆንም አስደገምኩት። ቁጥር 14ን አላተምኩም። አንድ ኮፒ ብቻ፣ ለሷ፣ ማታ ሌላ ቦታ።

ታኅሣሥ 27፣ እሁድ

ማደያ ቀን።

ሰዓት ሠሪው ጋሼ ፎቷቸውን ተቀብለው አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ። እንደ ሰዓት ሆድ ነው የመረመሩት። ፊታቸውን አላዩም። «ያቺ የግድግዳ ሰዓት ቆማለች እንዴ?» አሉ። ጋሼ ፎቶ ላይ ሁሉም ቆሟል አልኳቸው። አልሳቁም፤ ዞረው ግድግዳው ላይ ያለችውን አዩ። እውነትም ቆማ ነበር። አወረዷት።

ዘበኛው የሌሊት ተረኛ ስለሆነ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ላይ ደረስኩበት። «እኔ የቱ ነኝ፣ ጭሱ የቱ ነው?» አለ፤ ግን ኪሱ ውስጥ ከመታወቂያው ጋር ከተተው። እማማ ፎቶውን ስመው «ከለሩን ደግሞ መቼ ታመጣለህ?» አሉኝ። ረዳቱ ደወልኩለት፤ «እጄ የት ሄደ?» ካለ በኋላ የቴሌግራም ፎቶው አደረገው። ልጃገረዶቹ ወረቀቱን አልፈለጉም፣ «ሶፍት ኮፒውን ላክልን» አሉ። ሕጉ በእጅ ነው ብዬ ለመንኳቸው፤ እኔ ስጦታ ይዤ ለማኝ ሆንኩ። አንደኛዋ ቢሮዬ ድረስ መጥታ የሁለቱንም ወሰደች።

ሎተሪ አዟሪው የቀድሞ ቦታው ላይ የለም። ጠያይቄ ለገሃር አገኘሁት። «ለምን እንዲህ አሳነስከኝ?» አለ። ስለ መመልከቻው ላስረዳው ጀመርኩና ተውኩት። ቆይቶ «ጫማው ግን ይታያል» አለ። ጀርባው ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ «ለማስታወሻ» ብለህ ጻፍልኝ አለኝ። እንደ አባዬ አልበም ጽሑፍ ጠመም አድርጌ ጻፍኩለት፤ ስሙንም ቀኑንም። እየደረቀ እፍ እፍ አለበት።

ጥር 4፣ እሁድ

ለሷ የቀጠርኩት ሰው የሌለበትን ሰዓት ነው። ቡና አዘዝኩ፣ ጠጣሁ፣ ሁለተኛ አዘዝኩ። ከዚያ ፖስታውን ሰጠኋት። ስላላየሁት ዳር፣ ስለ መመልከቻው ነገርኳት። ለጓደኞቼ ማሳየቴንም ነገርኳት።

ረጅም ጊዜ አየችው። አልተቆጣችም፤ የሳቀችውን ጥርሷን በአውራ ጣቷ ሸፍና፣ ገልጣ፣ መልሳ ሸፈነች። ፎቶ የማትፈልግበትን ምክንያት ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። ቦታዋን ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

«ፊልሙስ?» አለች። አባቷ ዘንድ አሮጌ ነጋቲቮች ነበሩ፣ በብርሃን እያየች ነው ያደገችው፤ ፊልሙ ያለው ሰው እንደገና ማሳጠብ እንደሚችል ታውቃለች። ይዤው ነበር። ስድስት ስድስት እያደረግኩ ቆራርጬ ነው ያስቀመጥኩት፤ 14ን ከ13ና ከ15 መሀል በመቀስ ለይቼ ሰጠኋት። ያችን ቁራጭ ስቆርጥ ሆዴ አልተቆረጠም ብል ውሸት ነው። ስልኬ ላይ ያለውንም፣ ላፕቶፑ ላይ ያለውንም እሷ እያየች አጠፋሁ።

የልጁ ነገር ቀረ። ግራውን ቆርጬ ልጁን ብቻ ያስቀረሁበትን አሳየኋት። «ይቺ ጥላዬ ናት» አለች፣ ሳጥኑ ላይ ጣቷን አድርጋ። ላጥፋው አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ጥላውማ የማንም ነው። ስጠው።»

ነጋቲቩን የስኳር ጣሳው ክዳን ውስጥ ለጠፈችው። የሁለቱንም ቡና ሒሳብ ተቀበለችኝ፤ መልሱን ቆጥራ።

ልጁ ሲመጣ ፎቶውን ነጥቆ ለግማሽ ደቂቃ አፈጠጠበት። «ብራዘር፣ ይሄ ቡናማ ቀለም ጣሳ የኔ ነው፤ ያን ቀን ነበረኝ ማለት ነው። ማን ወሰደብኝ?»

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ጋዜጣ አንባቢውን አባት በሁለተኛው ፊልም ላይ አነሳኋቸው፣ ቁጥር 3። አንድ ተኩል እርምጃ ጠጋ ብዬ። የመጀመሪያው ተበላሸብኝ ስላቸው «ያን ቀን የነበረው ወሬ ከዛሬው ይሻል ነበር» አሉ፣ ጋዜጣውን ገለጥ እያደረጉ። መነጽራቸው አሁንም በክር ነው። ፊልሙ ገና 33 ይቀረዋል፤ ጋዙ ያልወጣ ሶዳ ደግሞ ጣሳ ሙሉ አለኝ።